የማዳም ፔጆ

«መኪናው በማን ስም ነው?»

ዓብዱሰመድ ነው የሚጠይቀኝ። አርብ ጠዋት ነው። ከውሃ ቦቴው ሁለት ጀሪካን ሞልቼ፣ አንዱን በመኪናው ጎንና በአጥሩ ቆርቆሮ መካከል እየገፋሁ ወደ ውስጥ በማስገባት ላይ ነበርኩ። በዚያ በኩል ሰው የሚያልፈው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነው። ዓብዱሰመድ ወፍራም ስለሆነ ከግቢው በር ላይ ቆሞ አንገቱን ብቻ አስገብቶ ነበር የሚያናግረኝ። ጅቡቲ ተወልዶ ድሬዳዋ ያደገ ደላላ ነው፤ ቤት ያከራያል፣ ያገለገለ ፍሪጅ ያሻሽጣል፣ አማርኛውን ከእኛ ከኢትዮጵያውያን እኩል ይናገራል።

«የባሌ ነዋ፣ የከይረዲን» አልኩት።

«የከይረዲን መሆኑንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱን ነው የምልሽ። ገዢው ፈረንሳዊ ወረቀት ሳያይ እጁን ኪሱ አይከትም። አስር ሰዓት ላይ ይዤው እመጣለሁ፣ ፈልገሽ አዘጋጂ የነጃት እናት። ደግሞ ይቺን የልብስ ገመድ አንሺያት። ሰውዬው የሚመጣው መኪና ለማየት ነው፣ የከይረዲንን ሙታንታ ለማየት አይደለም።»

ስቆ ሄደ። እኔ አልሳቅኩም። እኔ በባሕሪዬ ነገር ቶሎ የሚያስፈራኝ ሰው ነኝ፤ ወረቀት የሚባል ነገር ሲነሳ ደግሞ ይብስብኛል።

ጅቡቲ ከተማ፣ ዋራበሌ ሰፈር ያለን ቤት አንድ ክፍልና አንድ ግቢ ነው። ክፍሉ የጣውላና የቆርቆሮ ነው፤ ግቢው በርዝመቱ አስራ ሁለት እርምጃ፣ በወርዱ ስድስት። መኪናው ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሲመጣ ተጎትቶ፣ አጥሩ ፈርሶለት ገባ፤ ከገባ በኋላ አጥሩ መልሶ ተሠራ። የኋላው ፓራውልት እስከ ክፍላችን በር ድረስ ስለመጣ በሩ የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ቤታችን የገባነው በጎን ነው። አንድ ጊዜ ከቡላኦስ ሰፈር አልጋ ገዝተን በር ላይ ከደረሰ በኋላ አልገባ ስላለ ለሻጩ በኪሳራ መልሰንለታል፤ እስከ ዛሬ የምንተኛው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ከሰል የማቀጣጥለው ከግቢ ውጭ መንገድ ዳር ነው፣ ፍንጣሪው ቀለሙን ያበላሸዋል ስለተባልኩ። በመኪናው ላይ ልብስ አይሰጣም፣ ሰፌድ አይቀመጥም፣ ኮፈኑን በእጅ መደገፍ እንኳ አይፈቀድም። እንግዳ ሲመጣ ከይረዲን ሸራውን ገልጦ ያሳያል፤ እንግዳው «ማሻአላህ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላል፤ ከይረዲን «ትንሽ ቀርቶታል» ይላል።

መኪናው ፔጆ 404 ነው። የማዳም ነበር። ሄሮን በሚባለው ሰፈር ከባሕሩ አጠገብ፣ ፈረንጅዋ አሠሪዬ ማዳም ቤት ዘጠኝ ዓመት በአዳሪነት ሠርቻለሁ፤ ልጄን ነጃትን ባሌና እህቱ እያሳደጉልኝ በሳምንት አንድ ሌሊት ቤቴ እያደርኩ። አርብ አርብ ጠዋት ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት ይህን መኪና የማጥበው እኔ ነበርኩ። መሪው የወተት መልክ ነበረው። የጎማ ክዳኖቹን በጥርስ ሳሙና ስወለውላቸው ፊቴን አይባቸው ነበር። ማዳምና ባሏ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከይረዲን «በርካሽ ሸጡልኝ» ብሎ አመጣው። የእኔን የዘጠኝ ዓመት የስንብት ገንዘብ ግን «አንከፍልም አሉ፤ ፈረንጅ እንዲህ ነው፣ ምን እናደርጋለን» አለኝ። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ማዳም አንድ ወረቀት አቅርባ በአውራ ጣቴ አስፈርማኝ ነበር፤ አብሮኝ የነበረውን ከይረዲንን ምን እንደሆነ ስጠይቀው «የሥራ ምስክር ነው፣ ፈርሚ» ብሎኛል። ስትሰናበተኝ አቅፋኝ አለቀሰች። ገንዘቤን በልታ ታለቅሳለች እያልኩ ስድስት ዓመት ረገምኳት። በየሶላቱ ረገምኳት።

ከይረዲን ክፉ ሰው አይደለም። የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ቆሞ ሥራ ሲፈታ ወደቡ አጠገብ መጋዘን መጠበቅ ያዘ፤ ብረት የለመደ እጁ ግን ማረፍ አልቻለም። ሐሳቡ መኪናውን አድሶ ለሰርግ ማከራየት ነበር። ሙሽሮቹን በባሕር ዳሩ መንገድ ሲያንሸራሽር፣ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሳ፣ ይህን ሁሉ ማታ ማታ ያወራኝ ነበር። ጫላ የሚባል የአገራችን ልጅ ሜካኒክ አገኘ። የፔጆው ሞተር እቃ ሲታጣለት ጫላ «አቦ፣ ምን ታደርገዋለህ፣ የቶዮታ ሞተር ልግጠምልህ፣ እንደ ፈረስ ነው የሚሮጠው» አለው። የድሮው ሞተር ለብረት ሰብሳቢ በኪሎ ተሸጠ። የቶዮታው ሞተር ከፍ ያለ ስለሆነ ኮፈኑ አልዘጋ አለ፤ ኮፈኑን ቆርጠው እንደ ጉብታ አድርገው በየዱት። የወተት መልክ ያለውን መሪ አውጥተው ጥቁር የስፖርት መሪ አስገቡ። ወንበሩን ቀይ ከፋይ አለበሱት። በመጨረሻ ቀለም ሲቀር ከይረዲን ከወደቡ የመርከብ ቀለም አመጣ፤ ጨው የማይበላው፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው ብሎ በብሩሽ ሁለት እጅ ቀባው። ሰማያዊ ነው። ሞተሩ ብቻ የአምስት ወር ደመወዙን በልቷል፤ የቀረውን መቁጠር ትቻለሁ። እስከዚያ አርብ ድረስ መኪናው ከግቢያችን አንድ ስንዝር ወጥቶ አያውቅም።

የእኔ ጭንቀት ግን መኪናው አልነበረም፣ ነጃት ናት። ልጄ ሁለተኛ ደረጃውን፣ ሊሴውን፣ ጨርሳ ድሬዳዋ የነርስ ትምህርት ቤት ስሟ ወጥቶላታል፤ አክስቷ ጋ ታርፋለች፣ ምዝገባው ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የመመዝገቢያና የአንድ ዓመት ክፍያው ሰባ ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ ይመጣል። ይህ ካልተገኘ የሚጠብቃት የእኔ ሥራ ነው፤ ሄሮን አንድ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ወጥ ሠሪያቸው ሁዳ የቀድሞ ጓደኛዬ ናት፤ «ልጅሽ ከመጣች ቅድሚያ ለሷ፣ ግን ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ቁርጡን ንገሪኝ» ብላኛለች። ክፍሉን አውቀዋለሁ፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው፣ መስኮቱ ወደ ጋዝ ሲሊንደሩ የሚከፈተው። እኔ የወጣሁበት ሰፈር ልጄ ልትገባበት ነው። ከይረዲን «ፈረንሳዊው ይግዛው እንጂ መጀመሪያ የማወጣው የነጃትን ነው» ብሎ ምሎልኛል። ዓብዱሰመድ ደህና 404 ስምንት መቶ ሺህ ያወጣል ብሎናል። እኔም ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

ከይረዲን ባትሪ ሊያስሞላ ወጥቶ ስለነበር ወረቀቱን ራሴ መፈለግ ጀመርኩ። ወረቀቶቹ የሚቀመጡት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከላይ ከጣሪያው እንጨት ላይ ነው። ከባቡሩ መታወቂያ፣ ከነጃት የልደት ወረቀትና ከጫላ ደረሰኞች ሥር አንድ በአራት የታጠፈ አገኘሁ። ስዘረጋው መጀመሪያ ያየሁት ከታች ያለውን ሰማያዊ አሻራ ነው። የገዛ አውራ ጣቴ ነው፤ ቢላዋ የቆረጠኝ ጠባሳ መስመር ሳይቀር ወጥቷል። ቡላኦስ ባለው የአገራችን ሰዎች ማኅበር ክፍል ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ፊደል መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። መምህራችን ገብረኪዳን አማርኛውን ካስጨረሰን በኋላ በፈረንጅ ፊደል ስማችንን ያስጽፈን ጀምሮ ነበር፣ ባንክና ፖስታ ቤት እንዳንቸገር ብሎ። ስለዚህ ጣቴን ከአሻራው ወደ ላይ እያስኬድኩ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ፈረንሳይኛውን አላነበብኩትም፣ አልችልም። ግን ስሜን አገኘሁት። ዙለይካ ይላል፣ ከነአባቴ ስም። በዚያው መስመር ላይ 404 የሚል ቁጥር አለ። ስሜና ቁጥሩ ጎን ለጎን ናቸው። የከይረዲንን ስም ፈለግኩት፤ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት፤ የለም።

ነጃት ከጎረቤት ተመልሳ በጎን ስትገባ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። «አንብቢልኝ» አልኳት። አላየችውም። በእጇ እንደያዘችው ቆመች።

«ምን ይላል?»

«ዙለይካ የሚገባትን የስንብት ገንዘብ በመኪናው ለመቀበል ተስማምታለች፤ መኪናው የሷ ነው ይላል።»

«ሳታዪው?»

ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከደጅ የቦቴው ጡሩምባ ይሰማል። ከዚያ «በአስራ ሦስት ዓመቴ አንብቤው ነበር እማ» አለች። «አባ ነው ያስነበበኝ፣ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ። ለእናትሽ አትንገሪያት፣ ሲያልቅ ራሴ እነግራታለሁ አለኝ። በየዓመቱ ሊያልቅ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ልጄን አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ እቆጣታለሁ? እኔ ስድስት ዓመት በዚህ ክፍል ውስጥ ማዳምን ስረግም እሷ አጠገቤ ተኝታ ትሰማ ነበር። እሷ እያወቀች ዝም ትላለች፣ እኔ ሳላውቅ እናገራለሁ፣ ከይረዲን ውጭ ብረት ይፍቃል። ወረቀቱን አጣጥፌ በጡቴ መያዣ ውስጥ ከተትኩት። ነጃት አጠገቤ ተቀመጠች። በግማሹ በር ሰማያዊው ብረት ይታያል። «ይቅር በይኝ ማዳም» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ከይረዲንና ጫላ ሰባት ሰዓት ላይ ባትሪውን ይዘው መጡ። ያ ሰዓት ጫት ከተማ የሚገባበት ነው፤ መንገዱ ሁሉ ክላክስ በክላክስ ይሆናል። ጫላ የጫት እስሩን በብብቱ ይዞ፣ ፊቱ ላይ ላብ እየፈሰሰ፣ «የሙሽራዋ እናት፣ ዛሬ እንኳ ፈገግ በይልን እንጂ! መኪናሽ ሊዳር ነው!» አለኝ። መኪናሽ ሲል ደነገጥኩ፤ እሱ ግን የሚያውቀው የለም፣ ሲቀልድ ነው። ከይረዲን አላየኝም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ ለኢድ ብቻ የሚለብሰውን። ሩዙን አቀረብኩላቸው። በላን። ወረቀቱ ደረቴ ላይ በላብ ርሶ ተጣብቆ ነበር፤ በጎረስኩ ቁጥር ይሰማኛል። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ጫላ ስለ ካምቢዮው ያወራል፣ ወይም ከይረዲን «ውሃ አምጪ» ይላል። አሁን ብናገር ይጣላል፣ ከተጣላ ሽያጩ ይበላሻል፣ ሽያጩ ከተበላሸ ነጃት ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ ትተኛለች። ስለዚህ ውሃ አመጣሁ። የልብሱንም ገመድ አነሳሁ።

ፈረንሳዊው ልክ በአስር ሰዓት መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ቀጭን ሰው ነው፤ በጎን በኩል ያለ ችግር አለፈ። ዓብዱሰመድ ከበር ላይ ሆኖ ያስተረጉማል። ከይረዲን ሸራውን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ቀስ አድርጎ ገለጠው። ሰውየው መኪናውን ዞረው። ቀለሙን በጥፍሩ ፋቀና ጥፍሩን አየ። ቀዩን ከፋይ አየ። ከይረዲን ተሽቀዳድሞ ኮፈኑን ከፈተለት፤ ጫላም ገብቶ ሞተሩን አስነሳው። አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ግቢውን ጥቁር ጭስ ሞላው፤ ግን ተነሳ። ጫላ በመስኮት «ስማው አቦ! ስማው እንጂ!» እያለ ይጮኻል። ከይረዲን ሳቀ። ስድስት ዓመት ያልሳቀውን ሳቅ ነው የሳቀው።

ሰውየው በእጁ አጥፉት አለ። ጸጥ ሲል ለዓብዱሰመድ በዝግታ ተናገረ። ዓብዱሰመድ ሰምቶ ጭንቅላቱን አከከ።

«ከይሮ፣ ወንድሜ፣ ሰውዬው የሚለው… ይሄ ፔጆ አይደለም ይላል። ቶዮታ ነው፣ የፔጆ ልብስ የለበሰ። እሱ የሚፈልገው ከነሞተሩ፣ ከነመሪው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። እንደ ነበረ፣ ዝጎም ቢሆን፣ ይገዛው ነበር። አሁን ግን አይፈልገውም።»

«ምን ማለት ነው? ዝገቱ ይሻለው ነበር?»

«ይሻለኝ ነበር ነው የሚልህ።»

ከይረዲን እጁን ኮፈኑ ላይ አደረገ። ማንም እንዳይደገፈው የከለከለውን ኮፈን ራሱ ተደገፈው። ጫላ ከመኪናው አልወጣም፤ መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት አጥሩን ያያል። ፈረንሳዊው ሊሄድ ከዞረ በኋላ አንድ ነገር ለራሱ የሚናገር ይመስል አጉተመተመ፣ «ቮላን» ሲል ሰማሁት። የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ አለኝ፤ ቮላን መሪ ነው። የድሮው መሪ የት ደረሰ እያለ ነው።

በግማሹ በር ገባሁ። ከግድግዳው ሥር፣ ከፍራሹ ራስጌ፣ በአንሶላ የተጠቀለለ ኬሻ አለኝ። ጫላ አንድ ነገር ነቅሎ ወደ ጥግ በጣለ ቁጥር ማታ አንስቼ አጥቤ አስቀምጠው ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝም ዘጠኝ ዓመት የወለወልኩትን ነገር ቆሻሻ ላይ ማየት አልወድም እንጂ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ኬሻውን እየጎተትኩ አወጣሁትና መሬት ላይ ፈታሁት። የወተት መልክ ያለው መሪ፣ አራቱ የጎማ ክዳኖች፣ የመኪናው ሰዓት፣ የበር እጀታዎች፣ ከፊቱ ላይ የነበረው የፔጆ ምልክት አንበሳ። ሰውየው በቁምጣው አፈር ላይ ተንበረከከ። ክዳኑን አንስቶ ፊቱን አየበት።

«ሃምሳ ሺህ ይላል» አለ ዓብዱሰመድ።

«መቶ» አልኩ፣ በፈረንሳይኛ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

በሰማንያ ተስማማን። ሰውየው ቦርሳውን ሲያወጣ ከይረዲን ወደ እኔ ጠጋ አለ፤ ዓይኑ እንደገና በርቶ ነበር። «ዙሌ፣ ሀርጌሳ የ404 ሞተር አለ ብለውኛል፣ ሙሉውን! በዚህ ገንዘብ እናመጣዋለን። መሪውን አትስጪው፣ ክዳኖቹን ብቻ ስጪው። ሞተሩ ከተመለሰ ሰውዬው ራሱ ስምንት መቶ ሺህ ይዞ ይመለሳል። ለነጃት ያኔ…» አለና እጁን ወደ ገንዘቡ ዘረጋ። ነጃት በግማሹ በር ውስጥ ቆማለች። ፈረንሳዊው ገንዘቡን እንደያዘ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ለማን ነው የምከፍለው ይላል» አለ ዓብዱሰመድ። «ጠዋት ጠይቄሽ ነበር እኮ። መኪናው በማን ስም ነው?»

«በእኔ» አልኩ። ወደ አጥሩ ዞሬ ወረቀቱን ከደረቴ አወጣሁት። እርጥብ ነበር፣ ግን ቀለሙ አልለቀቀም። ሰውየው አንብቦ አሻራውን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ አጭር ደረሰኝ ጽፎ ብዕሩን ሰጠኝ። ዓብዱሰመድ «ቀለም ያለው አለ? ለአሻራ?» ብሎ ሲጮህ አያስፈልግም አልኩት። በመኪናው በር ላይ አስደግፌ፣ ፊደል በፊደል፣ ስሜን ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሰውየው ገንዘቡን በእጄ አደረገልኝ፣ ኬሻውን ተሸክሞ በጎን ወጣ።

ከይረዲን አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጫላና ዓብዱሰመድ ከሄዱ በኋላ ቀዩ ከፋይ ላይ ገብቶ ተቀመጠ፣ በሩን ዘጋ። በመስኮቱ በኩል «ሲያልቅ ቁልፉን በእጅሽ ላደርገው ነበር» አለኝ። «ወላሂ። ዙሌ ያንቺ ነው ብዬ ልሰጥሽ ነበር።» አመንኩት። እስከ ዛሬ አምነዋለሁ፤ የሚከብደኝም እሱ ነው።

ከመግሪብ በኋላ ሁዳ ደወለች። «እንዴት ሆነ? ትመጣለች?» አለችኝ። «አትመጣም» አልኳት። ተቀይማ ዘጋችው።

ነጃት የሄደችበት ቀን ሻንጣዋ በበሩ አልወጣ አለ። ፈታነውና ልብሷን በእጅ በእጃችን እያወጣን እንደገና መሸከፍ ነበረብን፤ ግቢው ውስጥ ሻንጣ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ከይረዲን ከመኪናው ወጥቶ አየን፣ ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ ኮፈኑ ላይ፣ ጉብታው አጠገብ አስቀመጠው። ሦስታችንም ሆነን አጣጥፈን ሞላነው። ዚፑን የዘጋው እሱ ነው። ሻንጣው ቀለሙን ሲጭረው እያየ ነው የዘጋው። ነጃት አባቷን ሳመችው፣ እኔን ሳመችኝ፣ ሻንጣውን በራሷ ላይ አድርጋ በጎን አለፈች።

ነጃት በቀጣዩ ሐሙስ በድሬዳዋው አውቶቡስ ሄደች። ከይረዲን፣ መኪናውና እኔ ዋራበሌ ቀረን።